የማራኪ ኩባያ
ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እኔን አይተው የተረቱት ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኮራጅ ያልያዝኩበት ፈተና የለም። ጡረታ ስወጣ የምይዘው ተማሪ አጣሁና ዐይኔ ጎረቤት ላይ ዐረፈ።

ጎረቤቶቼ ስድስት ቤተሰብ ናቸው። ሆሳዕና ዳር፣ በሞርሲቶ መንገድ፣ በማኅበር ተደራጅተን አንድ ግቢ ውስጥ ሰባት ቤት ሠራን። በራችን አንድ፣ የውሃ ታንከራችን አንድ፣ አዳራሻችንም አንድ ነው። አብዛኞቹ የሐዲያ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ፈትሁዲን ስልጤ ነው፤ እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አባቴ ከመንዝ ለሥራ መጥተው እዚሁ ቀርተው ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ፎቶ አንሥተውን «አርአያ የሆነ የአብሮነት ግቢ» የሚል ሰርተፍኬት ሰጥተውናል። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሥሩ ሻይ እንጠጣለን።

አንዱ ቤተሰብ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ማራኪ ገባች። ከዱራሜ የመጣች የሒሳብ መምህርት ናት፤ መናኸሪያው ጀርባ ከነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ረዳቶች ከንጋት ጀምሮ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» እያሉ ከሚጮኹበት፣ ነው የወጣችው። በደንባችን መሠረት አዲስ ገቢ ስድስት ወር በኪራይ ይቀመጣል። ከዚያ ሁላችንም እጅ ካወጣን ቤቱ የእሱ ይሆናል፤ አንድ እጅ ከጎደለ ይለቃል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ማራኪ ሰላምተኛ ናት። አዳራሹን ትጠርጋለች፣ የፈትሁዲንን ልጆች በነፃ ታስጠናለች። ነገር ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በፌስታል የጠቀለለችውን ሰማያዊ የብረት ኩባያ ይዛ ትመጣለች። ከአዳራሹ ብርጭቆ አትጠጣም። ጠጥታ ስትጨርስ ኩባያዋን ራሷ ታጥብና በፌስታሉ ጠቅልላ ትመልሳለች።

መጀመሪያ ንጹሕ ሰው ናት አልኩ። ቀጥሎ መርዝ ትፈራለች ብዬ ጠረጠርኩ። በሦስተኛው ወር ግን ገባኝ፤ እኔን ነው የተጸየፈችው። ብርጭቆዎቹ የሁላችን ናቸው፤ እኔ ጠጥቼበት ይሆናል ብላ ነው። ልፈትናት አሰብኩና አንድ ቅዳሜ በእጄ ሻይ ቀድቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ከዚያም ዐይኔ እያየ ሻዩን ወደ ኩባያዋ ገለበጠችው። ደሜ ፈላ።

ጎረቤቴን ሽብሩን ጠየቅሁት። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው።

«ኧረ ተዋት ጋሼ፤ ልማድ ይሆናላ» አለኝ።

ሽብሩ አንድ ነገር ሲሸሽ ጫማውን ያያል። ያን ቀን ጫማውን አየ። ከዚያ ወዲያ እሱና የማኅበሩ ሰብሳቢ ገነቴ በሐዲይኛ ባወሩ ቁጥር ስለ እኔ ነው ማለት ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሁሉ በመካከላቸው ኖሬ ቋንቋቸውን ያልለመድኩት እኔ መሆኔ ትዝ አላለኝም። ማራኪ ስትስቅ በእኔ ትስቃለች፤ ዝም ስትል የደበቀችኝ ነገር አለ። በስድስተኛው ወር እጄን ላለማውጣት ቆርጬ ነበር።

የስብሰባው ዕለት ሰብሳቢያችን ገነቴ ስለ ማራኪ መልካም መልካሙን ተናገረች። ማራኪ ጥግ ላይ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ተነሣሁ።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄ፣ ያን ኩባያ ለምን ይዘሽ ትመጫለሽ? ከእኛ ብርጭቆ ብትጠጪ ምን ይነካሻል?»

«እኔንማ ምንም አይነካኝም ጋሼ» አለች። «እናንተን እንዳይነካችሁ ብዬ ነው።»

ኩባያውን ከፌስታሉ አወጣችው።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የእሷም እናት እንደዚያው። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን ውሃ ጠማኝና አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ አዲስ ነበረች፣ አላወቀችኝም፤ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ባለቤቱ ሲያየኝ ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቀና ብርጭቆውን ተቀብሎ ደጅ ድንጋይ ላይ ሰበረው። እናቴ ዕቃዋን ሸጣ ይሄን ገዛችልኝ። ይሄ አይሰበርም። አልደበቅኋችሁም፤ ያልነገርኳችሁ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው።»

ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በአገራችን ሸክላ ሠሪን ከማዕድ የማራቅ ልማድ እንዳለ እኔም ዐውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ኋላቀር ነው ብዬ አስተምሬያለሁ። የእሷን ኩባያ ግን ንቀት አልኩት። ገነቴ «እጅ እናውጣ» ስትል ከሁሉም ቀድሞ የወጣው የእኔ እጅ ነው። የጎደለ እጅ አልነበረም። ገነቴ እያለቀሰች በብርጭቆ ሻይ ቀድታ አቀረበችላት፤ ማራኪ ጥቂት አመነታችና ጠጣች። አጨበጨብን። ሰርተፍኬቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዛሬ በእርግጥ ይገባናል አልኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አዳራሹ ስገባ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ናቸው። አንድ ብርጭቆ ብቻ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተደፍቷል። ማራኪ በስብሰባው ዕለት የጠጣችበት መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ማን ነው የለየው? ሽብሩ ጫማውን አየ። የፈትሁዲን ሚስት ስኳሩን አለመጠን ታማስላለች። ገነቴን እንኳ ጠረጠርኩ፤ ባለፈው ሳምንት ዕቃ ያጠበችው እሷ ናት። በልቤ ሁሉንም ሰደብኩ፤ ግብዞች አልኳቸው። ሁሉም ከትሪው እያነሡ ሲቀዱ እኔ ለመጠርጠር ቆሜ ቀረሁና ትሪው ባዶ ሆነ።

«ጋሼ ወንዳፈረው፣ ያውና አንድ ቀርቷል» አለች ገነቴ፣ በአገጯ ወደ መስኮቱ እያመለከተች።

ማራኪ ብርጭቆ በእጇ ይዛ ታየኛለች። ፌስታሏን አላመጣችም።

ሁለት እርምጃ ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁ። ብርጭቆው ታጥቧል፣ ያብረቀርቃል።

«ዛሬ እንኳ ሻይ አላሰኘኝም» አልኩ።

ማራኪ በእጇ የያዘችውን ሻይ ሳትጨርስ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ወጣች፤ ቤቷ ደርሳ ተመለሰች። ቁጭ ብላ ፌስታሉን ፈታችና ሻይዋን ወደ ሰማያዊው ኩባያ ገለበጠች። ከዚያ ብርጭቆዋን አጥባ መስኮቱ ላይ፣ ከሌላው ጎን ደፋችው።

የመጀመሪያውን ማን እንደለየው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጠየቅ የምችልበት አፍ የለኝም።