ሙክን ማንም እንዳይሸከማት

ዶክተር ኦራፒን የደም ምርመራውን ወረቀት አየት አድርጋ ወደ ጎን ገፋችውና ራምፋይን ጠየቀቻት።

"ልጅሽ ትምህርት ቤት በምን ትሄዳለች?"

"አባቴ በሞተር ያደርሷታል።"

"ከሞተሩ ወርዳ ክፍሏ እስክትገባስ?"

"ያው አቅፈው ያስገቧታል።"

"የቤታችሁን ደረጃ ማን ያወጣታል?"

"እሱንም እሳቸው ናቸው። አንዳንዴ እኔ።"

"ታዲያ ደህና ናት ያልሽኝ ልጅሽን ነው ወይስ የአባትሽን እግር?"

ራምፋይ እቴ መልስ የምታጣ ሴት አልነበረችም፤ ያሶቶን ከተማ ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ ስትሸጥ ተከራክሮ የረታት ደንበኛ የለም። የልጇ የሙክ ነገር ሲሆን ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ልጅቷ ታላሴሚያ አለባት፤ ሰውነቷ የሚሠራው ደም ሳይሰነብት ይሰባበራል። በሽታው በዚያ አገር ከየመንደሩ አይጠፋም። ከባዱ የያዘው ልጅ ገና በሕፃንነቱ ደም መውሰድ ይጀምራል፣ ቀላሉ የያዘው ሳይጀምር ያረጃል፤ ሙክ መሃል ላይ ወድቃለች። ጀመረች ማለት ደግሞ በየወሩ ገደማ ደም፣ ከዚያም በደሙ የሚጠራቀመውን ብረት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ይኸው ዕድሜ ልክ። ያለጊዜው ከጀመሩ ልጅቷን በከንቱ ከሆስፒታል አልጋ ጋር ማሰር ነው። ከዘገዩ አጥንቷ፣ ፊቷ፣ ቁመቷ ይበላሻል፤ እሱም አይመለስም። ባሏ ባንኮክ ታክሲ ይነዳል፤ ስትደውልለት "አንቺ ያልሽው ይሁን" ይላታል። ጥሩ ባል ነው፣ ግን እንዲህ ያለው ጥሩነት ለማንም አይበጅም።

"ቁጥሩ ድንበር ላይ ነው" አለች ዶክተሯ። "ትኩሳት ላይ ስለነበረች አላምነውም። ሲሻላት ደግመን እንለካለን። ቁጥር ብቻውን ግን አይወስንልንም። እኔ የማያት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፣ ስትኖር የምታያት አንቺ ነሽ። እይልኝ።" እናትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ አከለችበት፤ "የአሳማ ደም ማብላቱንም ተዉት። ብረት አልጎደላትም፣ እንዲያውም እየተረፋት ነው።"

ራምፋይ አፍራ ወጣች። ሙክ ከገረጣች ጀምሮ አባቷ፣ አዛውንቱ ካምሲንግ፣ ከገበያ የረጋ የአሳማ ደምና ጉበት እየገዙ በሾርባ ያበሏታል። "ደም አንሷታል አላችሁ፣ ይኸው ደም" ይላሉ። መንደሩም ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ይኸው ነበር።

ያን ምሽት ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ሲበሉ ራምፋይ የሩዝ መሶቡን ከድና ተናገረች።

"ከነገ ጀምሮ ሙክን ማንም አይሸከማት።"

አዛውንቱ ጉርሻቸውን መለሱት። "ሐኪሟ ናት ይህን ያለችሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"በልጇ የምትጨክን እናት አየን እንግዲህ።"

"ይበሉኝ። ብቻ በራሷ እግር ስትሄድ ልያት፣ አይሸከሟት።"

ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም። ሱዊት የሚባል ልጅ ነበራቸው፣ የራምፋይ ታናሽ፣ በሽታውም ይኸው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ፊቱ ተለውጦ አደገ፤ ደም የሰጡት አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነበር፣ በማግሥቱም አረፈ። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ልብ ደም የሚመጣው ሊሞት ላለ ሰው ነው። የልጅ ልጃቸው እግሯ መሬት እንዳይነካ የሚሯሯጡትም ያ ቀን እንዳይመጣ ብለው ነው፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም።

የዝናብ መለመኛው የሮኬት በዓል ደርሶ ነበር። ወንዶቹ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን ቀርከሃ ባሩድ ይጠቀጥቃሉ፣ ትንንሾቹ ሴቶች ደግሞ ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ የሰልፉን ጭፈራ ይለማመዳሉ። ሙክም ካልጨፈርኩ ብላ አልቅሳ ገብታለች። ራምፋይ ቀሚሷን ስታለካካት ያምናው ልክክ አለላት። ደስ ብሏት "ጎሽ፣ አዲስ ከመግዛት ዳንን" አለችና ወዲያው ጫፉን ደግማ አየችው። የጎረቤት ልጆች ያምናው አጥሯቸው ለታናናሾቻቸው አውርሰዋል።

ልምምዱን ከቤተ መቅደሱ ከበሮ ቤት ጀርባ ቆማ አየች። ሙክ እጇን እያጣጠፈች፣ እየሳቀች፣ ደህና ትጨፍራለች። ጥቂት ትሄድና መቀነቷን ልታጠብቅ ጎንበስ ትላለች። ትነሳለች፣ ትጨፍራለች፣ ደግሞ ጎንበስ። ሰልፉ ጥሏት ይሄዳል።

"አንቺ፣ ያንቺ መቀነት ብቻ ነው እንዴ የሚፈታው?" አለቻት አስጨፋሪዋ። ልጆቹ ሳቁ፣ ሙክም አብራ ሳቀች።

ማታ ልብሷን ስታወልቅላት ራምፋይ መቀነቱን በእጇ ያዘችው። ጠዋት ራሷ ያሰረችው ቋጠሮ ነው፣ ድርቅ ብሎ ለጥርስም አልበገር አለ። ተፈትቶም አያውቅም።

"ሙክዬ፣ ምን ነበር የምታጠብቂው?"

"ቁጭ ካልኩ ከጭፈራው ያስወጡኛል" አለች ልጅቷ።

ለካ አያቷ በመሸከም የደበቁትን ድካም ልጅቷም ስትደብቀው ነው የከረመችው። ራምፋይ እናት ተብላ፣ አንድ ቤት እያደረች፣ ሳታይ ቀርታለች። ማልቀስ አማራት፤ ጥርሷን ነክሳ ተወችው። ልቅሶው ይደርሳል፣ ልጅቷ ግን እያደገች አይደለም።

ትኩሳቱ ከለቀቃት ወዲያ ሙክ በድጋሚ ተለካች። ቁጥሩ አልተነሳም፣ ጣፊያዋ አብጧል፣ ቁመቷም ባለበት ቆሟል። ራምፋይ የመቀነቱን ነገር ለዶክተሯ ነገረቻት። ዶክተር ኦራፒን መጻፏን አቁማ ሰማቻት።

"እንጀምር ብዬ ነው የማስበው" አለች። "ግን ዕድሜ ልክ ነው፣ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ከቤተሰብ ጋር መመካከር ከፈለግሽ—"

"ተመካክሬ ጨርሻለሁ። መቼ ይሁን?"

"የሚስማማትን ደም እንመርምር። ሐሙስ አምጫት።"

አልተመካከረችም፤ ዋሽታለች። እቤት ስትደርስ ከደረጃው ሥር ለአባቷ ነገረቻቸው።

"ሱዊትን ረሳሽው?" አሉ ካምሲንግ። "ደሙ በገባ በማግሥቱ ነው ያጣሁት።"

"አልረሳሁትም አባዬ። ወንድሜን ደሙ አይደለም የገደለው። ደሙ የደረሰው አልቆ ካለቀ በኋላ ነው።"

"እኔ ነኛ ያዘገየሁት?"

"እርስዎ ነዎት አልወጣኝም። ያኔ ማን ያውቅ ነበር? አሁን ግን እኔ አውቄያለሁ። አውቄ ከተቀመጥኩ ጥፋቱ የኔ ነው። ቢፈልጉ አያናግሩኝ። ሐሙስ እሄዳለሁ።"

አዛውንቱ ወደ ሩዝ ማሳቸው ሄዱ። እስከ ሐሙስም አላናገሯት፤ እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስንቋን አዘጋጀች።

ሐሙስ እናትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ አዛውንቱ ነጭ የጥጥ ክር ይዘው መጡ። የሙክን እጅ ስበው ክሩን አንጓዋ ላይ እያሰሩ፣ "የሰው ደም ሲገባ ነፍሷ ደንግጣ እንዳትሸሽ፣ ነይ ግቢ፣ ነይ ግቢ" እያሉ ነፍሷን ተጣሩ። ራምፋይን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። ሞተራቸውን አስነስተው እነሱ ከተሳፈሩበት መኪና ኋላ ኋላ እስከ ከተማ ተከተሉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የደሙ ከረጢት ሲንጠለጠል ካምሲንግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ራምፋይ አላዞረችም። ጠብታውን እያየች፣ የልጇን እግር እያሻሸች ተቀመጠች። ፈርታለች፤ አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ ሙክ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ዙሪያዋን አየችና በሁለት ጣቶቿ ጆሮዎቿን ደፈን ከፈት አደረገች።

"እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ቆመ።"

ራምፋይ ደነገጠች። "ምኑ ነው የቆመው?"

"ሿ ሿ የሚለው ነዋ። ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ያለው።"

"የማንም ጆሮ ውስጥ የለም ልጄ። ደም አንሶሽ ነበር ለካ።"

ሙክ የሚቀልዱባት መስሏት ወደ አያቷ ዞረች። "አባባ፣ ያንተስ አይልም?"

አዛውንቱ ከግድግዳው ዞረው ነበር። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ወንበራቸውን ወደ አልጋው ሳቡና ራምፋይን አዩዋት።

"የሚቀጥለው ደም መቼ ነው አለች ሐኪሟ?" አሉ።