የመምህር ሣህሌ ስህተቶች

«ሳንባ! ሳንባ! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» አለ ከማለዲን፣ እንደ መገናኛ የታክሲ ረዳት ድምፁን ስቦ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያድሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ፤ ልቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ሐመልማል አልሳቀችም። ዛሬ የአባቷ የመምህር ሣህሌ ሠልስት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩት በኮሚክ ነበር፤ ልብን መናኸሪያ፣ ደምን ሚኒባስ አድርገው እየሳሉ። ከማለዲን የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ዛሬ ሲ.ኤም.ሲ ፋርማሲ ከፍቶ እንኳ ያ ጩኸት ከአፉ አልጠፋም።

እሷን ያስተማሯት ግን የግል ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት በር ድረስ ሸኝተው፣ ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻትን ጥቁር ነጥብ ስመው ይመለሱ ነበር። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ኮሚኩ ብቻ ያሳፍራት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ ናቀችው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አልጋቸው ላይ ሆነው አዲስ የሳሉትን አንድ የኮሚክ ገጽ ሰጧት። ኦክስጅኑን አራግፎ የጨረሰው ባዶ ታክሲ ሳንባ ሳይደርስ ወደ እግር ይመለሳል።

«አባዬ፣ ይሄማ ስህተት ነው! የስምንተኛ ክፍል ልጅ እንኳ አይስተውም» ብላ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው።

«ጎበዝ» አሉ ፈገግ ብለው። አእምሯቸው ደከመ ብላ አዘነች። አሁን የሚያንገበግባት ያ ቀይ መስመር ነው።

«አባዬን በመጨረሻ ሰዓቱ አስከፋሁት» አለችው ከማለዲንን፣ የሆነውን በሹክሹክታ ነግራው።

«አንቺ! ሆን ብለው እኮ ነው!» አለ። «በየገጹ አንድ ስህተት ይደብቃሉ። ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ገጽ ይሳላል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አንዴ ብቻ ተሳልኩ፤ ያውም ጎማ ቀያሪ ሆኜ!»

ተነስታ መኝታ ቤታቸው ገባች። ከፍራሹ ሥር ኮሚኮቻቸውን የሚያስቀምጡበትን ማኅደር ሳበች። ከሰረዘችው ገጽ ቀጥሎ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሳለ፣ ያላለቀ ገጽ ነበር። አንዲት ረዳት በታክሲ መስኮት አንገቷን አውጥታ ትጣራለች። ፀጉሯ የሐመልማል ነው፤ መነጽሯም የሐመልማል ነው። ጥቁሯ ነጥብ ግን ያለችው ቀኝ ጉንጯ ላይ ነው።

ስንት ዓመት የሳሟትን ጉንጭ ሊስቱት አይችሉም። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

«አገኘሁት፣ አባዬ» አለችና ግራ ጉንጯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።