ችግሩ አፉ ላይ ነው

ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ እውነት ነው። ከዋሸሁ አፌ ይጣመም።

አውራ ዶሮ በልምምድ አዳራሹ መሃል ቆሞ በምላሱ ጫፍ የፊት ጥርሱን ይነካካ ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ትራምፔቱን ከፍ አድርጎ ከነፋ በሰፈሩ ውስጥ የሚተኛ ሰው አይኖርም። እንዲያውም አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲነፋ የጎረቤት ዶሮዎች እንደገና የነጋ መስሏቸው ጮኸዋል ይባላል። ይባላል አልኩ እንጂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የባንዱ አንደኛ ትራምፔት ነፊ እሱ ነው፤ ዛሬ ግን ትራምፔቱን ማንሳት ፈርቷል።

የሚነካካት ጥርስ የራሱ አይደለችም። በቅርቡ ጉራው አናቱ ላይ ወጥቶ ደረጃ እየወረደ ሲነፋ አንዷን እርከን ሳታት። ትራምፔቱ ወደ ውስጥ፣ ጥርሱ ወደ ውጭ። ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተከለለትና «ጠንካራ ነገር እንዳታስነካት» አለው። ትራምፔት ጠንካራ ነገር ይሁን አይሁን ግን አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲህ የዜማውን ከፍተኛ ጫፍ፣ የላይኛዋን ድምፅ፣ በነፋ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቅበታል። ባለቤቱ «ንገራቸውና ይለይልህ» ብትለው «ሞቼ እገኛለሁ!» አላት። ለባንዱ አለቃ የነገረው ሌላ ነው፦ ትራምፔቱ አርጅቷል።

አለቃው አመነው። ጉዱም የመጣው በማመኑ ነው። ከሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሦስት ምርጥ ትራምፔቶች ለሙከራ አስመጣ፤ ዋጋቸው ቆሞ የሚሰማ አልነበረም። ባለሱቋም አብራ መጣች። በሦስቱም ከተሰነጠቀበት ጥፋቱ የብረቱ አለመሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ለሁለተኛው ነፊ ያልፋል። ሁለተኛው ነፊ ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው።

ባለሱቋ አሮጌውን ትራምፔት አገላብጣ አየችው። ቁልፎቹን ተራ በተራ ተጫነች፤ በቱቦው ውስጥ እፍ አለችበት።

«ይሄ ምንም አልሆነም» አለች። «ችግሩ አፉ ላይ ነው።»

የአውራ ዶሮ ጆሮ ጭው አለ። እጁ ሳያዝዘው ተነስቶ ከንፈሩን ሸፈነ።

«የማን አፍ?» አለ አለቃው።

«የትራምፔቱ ነዋ! ይኸው፣ ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዙ ተጫጭሯል። በሌላ አፍ ይንፋ።»

አጠገባቸው የቆመው አማቹ፣ ሁለተኛው ነፊ፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ ምነው አፍህን ያዝክ? አንተን ያለችህ መሰለህ እንዴ?»

አለቃውና ባለሱቋ የትራምፔቶቹ መልክ እንዳያታልላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። አማቹ ትራምፔቶቹን እንዲያቀብልና ተራ እንዲጠራ አውራ ዶሮ አጠገብ ቆመ።

«አንደኛው!»

በብር የተለበጠ ነው፤ ይከብዳል። ድምፁ ወፍራም፣ ጨለም ያለ፣ ክፍሉን ከወለሉ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሞላ። ነገር ግን ትንፋሽ አይጠግብም፤ የሰጡትን ሁሉ ውጦ ሌላ ይጠይቃል። ዜማው እኩሌታ ላይ ሳይደርስ የአውራ ዶሮ ደረት ባዶ ሆነ። የላይኛዋ ድምፅ ላይ ጥርሷ ስትነቃነቅ ተሰማው፤ ድምፁም ተሰነጠቀ። 

«ሁለተኛው!»

ይህ ወርቃማ ነው፤ ላባ ያህል የቀለለ። ገና እፍ ሳይሉበት ይመልሳል፤ ቁልፎቹ ጣትን ይቀድማሉ። አውራ ዶሮ ለአፍታ ፍርሃቱን ረስቶ ጣቶቹን ለቀቃቸው። ግን ይህም ዓመል አለው፦ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ለማወፈር ከንፈር ላይ መጫን ግድ ነው። ተጫነ። ጥርሷ ወደ ውስጥ ዘንበል አለች። ድምፁ ከመሰንጠቅም አልፎ ተንሰቀሰቀ።

«እህ» አለ አለቃው ለግድግዳው። ይህን ያህል አጭር ቃል ይህን ያህል ሲያስፈራ አውራ ዶሮ አይቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ቅብ የለውም፤ ራቁቱን የቀረ ነሐስ ነው። ባለሱቋ ገና ስትገባ «ይሄ አይዋሽም፤ የነፊውን ትንፋሽ እንዳለ ነው የሚያወጣው» ብላ ነበር። ለሌላ ነፊ ሙገሳ ነው። አውራ ዶሮ ግን እየፈራ ተቀበለው። በሩን አየ። ሩቅ ነው።

ጀመረ። ዜማው እንደ ሰው ንግግር ወጣ፤ ሳይወፍር፣ ሳይቀጥን፣ ፍርሃቱንም ጭምር ይዞ። የአማቹ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የላይኛዋ ድምፅ አንድ ትንፋሽ ሲቀራት ጥርሷ ወለቀች፤ ምላሱ ላይ እንደ ጠጠር ተጋደመች።

አውራ ዶሮ ትራምፔቱን አውርዶ መዳፉ ላይ ተፋት። አማቹ አየ። ዜማው ጫፉን አጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ጀርባዎች ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ አማቹ ትራምፔቱን ከእጁ ቀበል አድርጎ የቀረችውን ድምፅ ነፋት።

ጠርታ ወጣች። ረዥም፣ ንጹሕ፤ የመስኮቱ መስታወት አብሯት ነዘረ። አውራ ዶሮ ጥርሱንም ረሳ። ይህ ልጅ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይህችን ድምፅ የት ደብቋት ኖሯል?

አማቹ ትራምፔቱን መለሰለትና ወደ ቦታው ፈቀቅ አለ።

«አውራ ዶሮዬ!» አለቃው ጭኑን መትቶ ዞረ። «ተመለስክ! ብረቱ ነው ያረጀው አላልኩም? በል፣ ይኸው ትራምፔትህ፤ ከእንግዲህ ሰበብ የለም። ቅዳሜ ሕዝብ ፊት ይህችኑ ትደግምልኛለህ።»

«አይዋሽም ብያችሁ ነበር» አለች ባለሱቋ። ዓይኗ ግን በአውራ ዶሮ የተጨበጠ እጅ ላይ ነበር።

አማቹ እርጥብ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ፤ ወለል ወለሉን ያያል። ጥርሷ በአውራ ዶሮ መዳፍ ውስጥ ትግላለች።

«ምነው? ደስ አላለህም? አፍ የለህም እንዴ?» አለ አለቃው።

አማቹ ቀና ብሎ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ዝም በል ማለቱ ይሁን ንገረው ማለቱ አልለየለትም። አውራ ዶሮ አፉን ከፈተ።

እንግዲህ አፌ ሳይጣመም አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ አፉን ከፈተ ያልኩትን ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ እስካየሁት ድረስ ከንፈሩ እንደተገጠመ ነበር፤ አለቃውም ፈገግታው ቀስ እያለ እየቀዘቀዘ ይጠብቀው ነበር።