ካርተር በሆሴዕ አፍ

እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከሴቶቹ መደዳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የምታየው ግን እኔን አይደለም፤ ሆሴዕን ነው።

የሚናገረው እኔ ነኝ። አትላንታ ድረስ ሄጄ የተማርኩት፣ መመረቂያ ጽሑፌን በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጂሚ ካርተር የፖለቲካ ሕይወት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሆሴዕ አስተርጓሚ ብቻ ነው። በእኛ አጥቢያ ተናጋሪው በአማርኛ አንድ ሐሳብ ይላል፣ አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሞ በሀዲይኛ ይደግመዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ። እኔ ራሴ በሀዲይኛ ልናገር ብዬ ነበር፤ እናቴ አማርኛ አትሰማም። የአጥቢያው ሽማግሌ ጋሽ ጠና ግን ሳቁብኝ።

"ዶክተር ኤሊያስ፣ የአንተ ሀዲይኛ እኮ ስትሄድ ይዘኸው የሄድከው የልጅ ሀዲይኛ ነው፤ አላደገም። ሆሴዕ አለልህ።"

ሆሴዕ አለልህ! ወደ ሆሳዕና ከተማ ከተመለስኩ ጀምሮ የምሰማው ይህንኑ ነው። የቤታችንን ቆርቆሮ ማን ቀየረ? ጎረቤታችን ሆሴዕ። እናቴን ቦኖሻ ከተማ ድረስ ለወንድሟ ለቅሶ ማን ወሰዳት? ሆሴዕ። እኔ በላክሁላት ስልክ እንኳ ቀድማ የምትደውለው ለእሱ ነው። ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁም። ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያው በኩል "አዲስ! አዲስ!" የሚለው የረዳቶች ጩኸት ሲሰማኝ ተመልሼ እንድሄድ እኔን የሚጠሩ ይመስለኛል።

"ካርተር ያደገው ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው" አልኩ።

ሆሴዕ ተቀበለኝ፤ ከዚያም "ከቦኖሻ የምታንስ፣ በገበያ ቀን እንኳ የማትሞላ" ብሎ ጨመረበት። አዳራሹ ሳቀ። ቦኖሻን እኔ አልጠራሁም።

"የሰርጓጅ መርከብ መኮንን ሆነ። አባቱ ሲሞቱ ግን የባሕር ኃይል ሥራውን ትቶ ኦቾሎኒ ሊያርስ ወደ መንደሩ ተመለሰ።"

ሆሴዕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሀዲይኛ ቀጠለ። "ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል። እናቱ 'መጣህልኝ?' አለችው።"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። አባቴ ሲሞት እኔ አትላንታ ነበርኩ፤ ድንኳኑን የተከለው ሆሴዕ ነው። ማይኩ በእጄ እንዳለ ረስቼ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

"ድንኳን አላልኩም! ያልኩትን ብቻ በል!"

ሆሴዕ የስንት ዓመት ልማድ አለበት። ሳያስብ ቀጥ ብሎ ቆመና ይህንንም ጮክ ብሎ በሀዲይኛ ተረጎመው። "ድንኳን አላልኩም! ያልኩትን ብቻ በል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ጠና ከዘራቸው ላይ ተደፉ። ሆሴዕ ምን እንዳደረገ ሲገባው አፉን በእጁ ሸፈነ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አሁን የምታየው እኔን ነው።

"ታዲያ ድንኳን ካልነበረ ምን ነበር?" አለችኝ በሀዲይኛ።

ሆሴዕ በአማርኛ ሊመልስልኝ ወደ እኔ ዞረ። "እማማ ገነቴ 'ድንኳን ካልነበረ...'"

"ሰምቻታለሁ፣ ሆሴዕ።"

በዚያው በልጅ ሀዲይኛዬ መለስኩላት። እዚያ አገር ድንኳን አይተክሉም አልኳት። ሚስቱ ወደ መንደር መመለሱን አልወደደችም። በመጀመሪያው ዓመት... "ድርቅ" የሚለው ቃል ጠፋኝና "ሰማዩ እንቢ አለ" አልኩ፤ ወጣቶቹ ሳቁ። ክልሉን ሊያስተዳድር ተወዳደረ፣ ተሸነፈ። ደግሞ ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ከዚያ የአገሪቱ ትልቅ ወንበር ላይ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሕዝቡ በድምፁ አወረደው። ወደዚያችው መንደር ተመልሶ በቤተ ክርስቲያኑ እሁድ እሁድ ያስተምር ነበር።

ሆሴዕ በአዳራሹ ላሉት፣ ሀዲይኛ ለማይሰሙ ከምባታዎች እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰው። አንድ ቃል አልጨመረም። እንዲያም ሆኖ ከእሱ አፍ ሲወጣ ያምር ነበር።

እናቴ ገና አልጨረሰችም። "አባቱን በሕይወት አገኛቸው?"

ይህን መዝለል እችል ነበር። "አዎ፣ እማ። ከመሞታቸው በፊት ፈቃድ ጠይቆ መጣ። አልጋቸው አጠገብ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። "ጥሩ ልጅ" አለች።

ስለ ካርተር ነው። እስከዚያ ድረስ የምቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ስንወጣ የአዳራሹን ደረጃ ለመውረድ፣ እንደ ልማዷ፣ እጇን ወደ ሆሴዕ ዘረጋች። እኔ በሌላው በኩል ፈጥኜ ገባሁና ክንዴን ሰጠኋት።

"ቀስ በል፣ ዶክተር፤ በግራ እግሯ ነው የምትጀምረው" አለኝ ሆሴዕ።

"አውቃለሁ" አልኩት። አላውቅም ነበር። ሁለታችንንም ይዛ ወረደች፤ እኔ ግን እስከ ታች ድረስ ክብደቷ በየትኛችን ላይ እንዳረፈ እያዳመጥኩ ነበር።