በፒያኖው ላይ የሌለችው ድምፅ

የሰባተኛ ክፍል ሙዚቃ አስተማሪ ነኝ፤ «ስህተት ጆሮዬን አያመልጠውም» ብዬ የምኮራ ሰው። ለወላጆች ቀን ከየቤታችሁ ቋንቋ አንድ አንድ ዘፈን ይዛችሁ ኑ ያልኩትም እኔው ነኝ። የሌላውን ሙዚቃ ማክበር ይማሩ ብዬ ነበር። ጉድ እኮ ነው!

በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤታችን የገባችው ልጅ፣ «ዝምታ» የምንላት፣ አያቷ የምትዘፍነውን ይዛ መጣች። መሃል ላይ አንዲት ድምፅ ትወርድባታለች። ትክክለኛውን በፒያኖ አሰማኋት። አሁንም ወረደች። «አንሺው!» አልኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አንሺው» ስል ከረምኩ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች። «ካላስተካከልሽው ብቻሽን አትዘፍኚም» አልኳት። አባቷ እሷን ለመስማት ከሥራ ፈቃድ ጠይቋል፤ ይህን እያወቅሁ ነው ያልኳት።

ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በመሣሪያ የሚያጅቧትን ልጆች ይረዳል ብዬ የዚያኑ ዘፈን የቆየ ቅጂ ፈልጌ ለክፍሉ ከፈትኩ። ሃያ የሚሆኑ አዛውንቶች አብረው ይዘፍናሉ። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ወረዱ፤ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሃል፣ ልክ እንደ እሷ። ሃያ ሰው አንድ ቦታ ላይ እኩል አይሳሳትም። ልጆቹ ዞረው አዩኝ።

«ቅጂው አርጅቶ ነው» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ልጅቷ በማግስቱ እንዳልኳት አነሳችው። በወላጆች ቀን ቆማ ዘፈነች፤ ከፒያኖው ዝንፍ ሳትል። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አባቷ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለካ እኛ ስናበላሸው ኖረናል! አሁንማ ቤትም እያረመችን ነው። እናቴማ ‹እኔ አላውቅበትም› ብላ መዝፈኑን ተወችው።»

ሳቀ። የምሩን ነው ያመሰገነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጅቷ እጅጌውን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ዛሬ አልወረደብኝም አይደል?»

ድሮም ወርዶብሽ አያውቅም ማለት ነበረብኝ፤ እዚያው፣ አባቷ እየሰማ። «አልወረደም» ብቻ አልኳት። ደስ አላት።