ረሺድ ሐኪም ሊመርጥ ወጣ

የአልዩ አምባው የግመል ነጋዴ ረሺድ ሳያገላብጥ የገዛው ነገር የለም። ግመል ከሆነች ጥርሷን ያያል፣ ጉልበቷን ይዳስሳል፣ ሦስቴ አስነስቶ ሦስቴ ያስተኛታል። ብርቱካን ከሆነ አንድ በአንድ ያሸታል። ሚስቱ ጠይባ "እኔንም ስታጨኝ ጥርሴን አይተህ ነው" እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም "ታዲያ ተታለልኩ?" ይላታል። እንግዲህ ለልጅህ ሐኪም ምረጥ የተባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ጉዱን ስሙልኝ።

ልጅቷ ሁስና ትባላለች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ናት ስላችሁ አባቷ የሚያወራውን ይዤ አይደለም፤ እሱ ስለ ልጁ የሚያወራውን ሁሉ የሚያምን ጅል ብቻ ነው። መምህሮቿ የመሰከሩላት ናት። በዚያ ዓመት ግን አንድ ነገር መጣባት። በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ወረቀቱ ሲታደል እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ፤ አንዲት ፊደል ሳትጽፍ ጥላው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት "ሆዴን" ማለት ጀመረች። ቆይቶ ትምህርት ቤቱ በር ደርሳ መመለስ መጣ። በመጨረሻ ጭራሽ መሄዱን ተወችው፤ ቤትም ውስጥ ድምፅዋ ጠፋ። ሲጠይቋት ትከሻዋን ትነቀንቃለች፣ አበቃ።

ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ሰዉ እስከ ዛሬ ሚኒስትሪ ለሚለው፣ የቀረው ሦስት ወር ነበር። እሱ ካመለጣት ዓመቱ ባከነ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ገና ከሕፃንነቷ ጀምሮ "ጎረቤላ ከተማ ወጥቼ ሃይስኩል እማራለሁ" ስትል የኖረች ልጅ ናት።

ጎረቤት መቼም ዝም አይልም፤ ሁሉም መድኃኒት አዘዘ። አንዱ ጨጓራ ነው አለ። በኛ አገር ያልታወቀ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ ጨጓራ ነው፣ ቀጥሎ ታይፎይድ ነው። ተልባ ጠጣች፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ላሰች። የመስጊዱ ሼኽም ቁርኣን ቀሩላትና ሲጨርሱ ረሺድን ወደ ጎን ጠርተው "እኛ ቁርኣኑን እንቀራለን፤ አንተ ደግሞ ሐኪም ቤት ውሰዳት። አላህ ሁለቱንም አልከለከለም" አሉት።

ጠይባ ወዲያው ከሣጥኑ ውስጥ የጤና መድን መታወቂያውን አወጣችለት። የቤተሰቡ ሁሉ ስም ያለበት ይህ መታወቂያ እስከዚያ ቀን ያገለገለው ለእሷ ጥርስና ለእሱ ወገብ ብቻ ነበር። አባትና ልጅ በአይሱዙ ዳገቱን ወጥተው ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ገቡ።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ወልደተንሣኤ ልጅቷን መረመረ፣ ደም አስወሰደ፣ ጨጓራም ታይፎይድም አጣ። ብቻዋንም ትንሽ ሊያዋራት ሞከረ፤ ትከሻዋን ነቀነቀችለት። ከዚያ ረሺድን አስገብቶ "ይሄ ጭንቀት ነው" አለው። "ጠንከር ያለ የፈተና ፍርሃት። ይታከማል።"

"ጭንቀት?" አለ ረሺድ። "እሷን ምን አስጨነቃት? ልጅ አታሳድግ፣ ግመል አልጠፋባት!"

"ጋሽ ረሺድ፣ ግመል ሳይጠፋበትም የሚጨነቅ ሰው አለ።"

ወልደተንሣኤ ረጋ ብሎ አስረዳው። "መድንዎ ይሄንንም ይሸፍናል፤ ግን በሥርዓቱ ነው። ከእኔ ሪፈር ይዘው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይሄዳሉ። ዘለው የግል ክሊኒክ ከገቡ መድኑ አያውቅዎትም። ሆስፒታሉ ጋ ደግሞ ሁለት ምርጫ አለዎት። አንዱ ዶክተር ገብረአብ ናቸው፤ ትልቅ የአእምሮ ሐኪም ናቸው፣ ልጅም አዋቂም ያያሉ፣ ግን ወረፋቸው ብዙ ስለሆነ በሁለት ወር አንዴ ነው የሚያገኟቸው። ሁለተኛዋ ኤልሮኢ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። የልጆችንና የወጣቶችን ነው ያጠናችው። በየሳምንቱ ታያለች፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ደግሞ እዚሁ እኛ ጋ ትመጣለች። መድኑ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ለክትትል የሚመዘገቡት ግን አንዳቸው ጋ ነው። በደንብ ያስቡበት።"

ረሺድ ከዚህ ሁሉ የሰማው "ትልቅ ሐኪም" የሚለውን ነው። ሌላው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

በሳምንቱ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ሚኒባሱ ውስጥ ገና ከመቀመጡ ማጠያየቅ ጀመረ። "ወንድሜ፣ ዶክተር ገብረአብን ታውቃቸዋለህ? እህቴ፣ አንቺስ? ልጄን ጭንቀት ይዟት ነው፣ ሐኪም እየመረጥኩላት ነው።" ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞሮ ሁስናን አያት። ሁስና ሂጃቧን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና የአባቷን እግር በእግሯ ረገጠችው። "ምነው፣ ሰው ቢጠየቅ ምን አለበት?" አለ ረሺድ፤ እሱ መቼ ገብቶት።

ደብረ ብርሃን ሲወርዱ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቆለኛው ረሺድ ጋቢውን ደርቦ፣ ከትከሻው የማይለየውን ቀይ ፎጣ ላዩ ላይ ጣል አድርጎ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሆስፒታሉ ገባ። እንደ ነጋዴ ወጉም ሁለቱም ጋ ወረፋ ያዘ። መጀመሪያ በዶክተር ገብረአብ በር አጮልቆ አየ። ሽበት አለ፣ ወፍራም መነጽር አለ፣ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አለ። "ሐኪም ማለት ይሄ ነው!" አለ።

ቀድሞ የደረሳቸው ግን የኤልሮኢ ወረፋ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ባለቀለም እርሳሶች አሉ። እሷ ራሷ ስኒከር የተጫማች ቀጭን ወጣት ናት። ረሺድ ልቡ ቁልቁል ወረደ። ይቺማ የሁስና ታላቅ እህት ናት!

"ስንት ዓመትሽ ነው ልጄ?" አላት ገና ሳይቀመጥ።

"ሃያ ዘጠኝ።"

"እስካሁን ስንት ልጅ አዳንሽ? የት ተማርሽ? ማን አስተማረሽ?"

ኤልሮኢ ሳትቆጣ አንድ በአንድ መለሰችለት። ጥርሷን ማየት ብቻ ነበር የቀረው። ሲበቃው ወደ ልጅቷ ዞረች።

"ሁስና፣ ፍርሃቱ ሲመጣብሽ ምን ያህል ነው? ከአንድ እስከ አሥር ብትሰጪው?"

"ሰባት ይሆናል" አለ ረሺድ። "ሰባት በይው።"

"አባት፣ የእርስዎን አልጠየቅሁም።"

"የኔማ ምን ይጠየቃል? እኔ ወላሂ ፍርሃት የሚባል አላውቅም! በረሃ ለበረሃ ያደግሁ ሰው ነኝ።"

ሁስና መሬት መሬት ስታይ ቆየችና ድንገት እጇን ዘርግታ ከአባቷ ትከሻ ላይ ፎጣውን ሳበችው። ቀኝ እጇን በፎጣው ሸፈነችና ጠበቀች።

የረሺድ ፊት ተለወጠ። ይህን ነገር ያስተማራት እሱ ነው። በግመል ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጃቸውን ከፎጣ ሥር አገናኝተው ጣት በመጨበጥ ይነጋገራሉ፤ ከብቦ የቆመው ሰው ምንም አይሰማም፣ ባይስማሙም ማንም አያፍርም። ሁስና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከገበያ ስንት ከረሜላ እንዲያመጣላት የምትነግረው እንዲህ ነበር። ካደገች ወዲህ ተረስቷል፤ እሱ እንኳ ረስቶት ነበር። አልሐምዱሊላህ ብሎ እጁን ዘረጋ።

እሷ ግን እጁን ቀስ አድርጋ ገፋችውና የራሷን ወደ ኤልሮኢ ዘረጋች።

ኤልሮኢ ግራ ገብቷት ረሺድን አየችው። ረሺድም አስረዳት። "እጅሽን ከሥር አግቢላት። አንድ ጣትሽን ከያዘች አንድ ነው፣ ሁለት ከያዘች ሁለት። ሙሉ እጅሽን ከጨበጠች አምስት ነው፤ ሁለቴ ከጨበጠች አሥር። ሌላ ሰው አያይም፣ አይጠይቅም። ሕጉ ነው።"

ሕጉን ራሱ ከተናገረ በኋላ ምን ያድርግ? ወደ መስኮቱ ዞረ። ከኋላው ፎጣው ሲንኮሻኮሽ ሰማ። "እሺ፣ ገባኝ" አለች ኤልሮኢ ቀስ ብላ፤ ቀጥላም "አባት፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን" አለችው።

እውነቱን እንናገር፤ ረሺድ ቀና። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በሩን በሩን አየ። ሰባት ይሁን አሥር፣ የገዛ ልጁ ፍርሃት ለማያውቋት ሴት ተነግሮ ለእሱ አልተነገረም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ከበሩ ጀርባ አንድ ድምፅ ሰማ። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ነው። ሁስና እያወራች ነው! ረሺድ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገና ብርዱ ነው ብሎ ራሱን አታለለ።

ወዲያው "ሁስና ረሺድ!" ተብሎ ከወዲያኛው በር ተጠራ። ረሺድ ብድግ ብሎ ብቻውን ሲገባ ዶክተር ገብረአብ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

"ሁስና እርስዎ ነዎት?"

"አባቷ ነኝ ዶክተር። እሷ ከኤልሮኢ ጋር ናት። ይፍረዱኝና እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ ይሻላሉ ወይስ እሷ?"

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁና የሪፈር ወረቀቷን አዩ። "ልጅቷ እያወራች ነው?"

"ድምፅ ሰምቻለሁ። አንድ ወር ሙሉ እኛ ያልሰማነውን።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ልታደርግ ትመጣለች? ከኔ ቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ፈተናው ደርሶ ያልፋል። መድኃኒት የሚያስፈልጋት ከሆነ ኤልሮኢ ራሷ ወደኔ ትልካታለች፤ በር ለበር ነን። ለልጅቷ የሚሆነውን ደግሞ ልጅቷም ትጠየቃለች፣ ጋሼ።"

ይህችን የመጨረሻዋን ረሺድ ይዟት ወጣ። ሁስና ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ግን ፈታ ብሎ ከክፍሉ ስትወጣ የክትትል መመዝገቢያው መስኮት ጋ ወሰዳትና ፎጣውን በእጁ ላይ ጣል አደረገ። "አንድ ከሆነ ዶክተሩ፣ ሁለት ከሆነ ኤልሮኢ። አንቺ ነሽ የምትገዢው።"

ሁስና ሁለት ጣቱን ጨበጠችና እንደ ጎልማሳ ነጋዴ ነቀነቀችው። ከዚያ ደግሞ በአፏ "ገዝቻለሁ" አለች።

መዝጋቢዋ የረሺድን እንባ አይታ ምኑ እንደሚያስለቅስ አልገባትም፤ "አባት፣ መታወቂያውን ይስጡኝ" አለችው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ቀላል አልነበረም። ኤልሮኢ ለሁስና አተነፋፈስ አስተማረቻት፤ ወደ ትምህርት ቤትም በደረጃ መለሰቻት። አንድ ሳምንት በሩ ድረስ፣ አንድ ሳምንት ግቢው ድረስ፣ ቀጥሎ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ባዶ ወረቀት ይዞ መቀመጥ። አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ትመለስ ነበር፤ ኤልሮኢም "ይህም አለ" ብላ እንደገና ታስጀምራታለች። ለረሺድም የቤት ሥራ ተሰጠው፤ "ደህና ነሽ?" እያለ በቀን ሃያ ጊዜ እንዳይጠይቃት። ከሁሉ የከበደው የእሱ ነበር፣ ጠይባ ትመስክር! አፉ ሲበላው ገበያ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ "መድን አለህ? ልጅህ ዝም ካለ ሪፈር ያዝ፣ ወጣቷን ምረጥ!" እያለ ይመክር ጀመር። ፎጣው ቤት ውስጥ ከሁስና እጅ አይጠፋም፤ የፍርሃቷን ቁጥር የሚያውቁት ግን እሷና ኤልሮኢ ብቻ ናቸው። ረሺድ አልጠየቀም። ሕጉ ነው።

የሚኒስትሪው ቀን ደረሰ። ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር በወላጅ ተጨናንቋል። ሁስና ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ሁለት እርሳስና ላጲስ ይዛ ከአባቷ ጎን ስትራመድ ቆየችና በሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ያ አላህ፣ ልትመለስ ነው አለ ረሺድ በልቡ።

"አባ፣ ፎጣውን" አለችው።

ከትከሻው አወረደላት። እጃቸው ከሥር ተገናኘ። በመጨረሻ ለእኔም ልትነግረኝ ነው ብሎ ጣቶቹን ዘርግቶ ጠበቀ፤ እሷ ግን አልጨበጠችም።

"የኔን አይደለም። የአንተን ንገረኝ። ስንት ነው?"

"የኔ? እኔ ምን..." ብሎ ጀመረና አቆመ። ፎጣ ሥር አይዋሽም፤ ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው። የልጁን እጅ ሙሉውን ጨበጠ። ለቀቀ። እንደገና ሙሉውን ጨበጠ።

አሥር።

ሁስና አልሳቀችም። አየችውና ሁለት ጣቱን ያዘች። ዋጋ እንደሚከራከር ገዢ ሁለት አለችው! ረሺድ ራሱን ነቀነቀና ዘጠኝ አላት። ሦስት አለችው። ስምንት አላት። ዙሪያቸውን ወላጅ ከቧቸዋል፤ ደወሉ ሊደወል ነው፤ እሷ ግን እሱ ባስተማራት ዓይነት ሳትቸኩል አወረደችው። ሰባት፣ ስድስት። አምስት ላይ ሲደርሱ ረሺድ ደረቱ ቀለለው፤ ጠዋት ከተነሣ ጀምሮ በወጉ የተነፈሰው ገና ያን ጊዜ ነው።

"ያንቺስ?" አላት በሹክሹክታ፤ ሕጉን ሊጥስ።

ሦስት ጣቱን ያዘች። "በሦስት መጻፍ ይቻላል" አለችው። "ያንተን ደግሞ በአምስት ተስማምተናል። እስክወጣ እንዳትጨምር፣ እሺ አባ?"

"እሺ፣ ልጄ።"

ደወሉ ተደወለ። ሁስና እጇን ከፎጣው ሥር አውጥታ እርሳሷን አጥብቃ ይዛ ገባች፤ ወደ ኋላም አልዞረች። ረሺድ ፎጣው ባዶ እጁ ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

አጠገቡ የነበረ አንድ አባት ጠጋ ብሎ "ምንድን ነው የምትገበያዩት?" አለው።

"አይጠየቅም" አለ ረሺድ፤ ፎጣው ሥር አምስት ጣቱን ጨብጦ ፈተናው እስኪያልቅ ጠበቃት።