ቄስ ዘማርያም በሳይክል

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ለሌላ ሰው አጭር ነው። ለቄስ ዘማርያም ግን መንገዱ የሚለካው በሰው ነው። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ የደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ ያቺን ሰዓት ሲጠብቅ ያደረ ይመስላል። ባለሱቁ መዝጊያውን ግማሽ ከፍቶ መስቀል ለመሳለም ይሮጣል። ባጃጅ ነጂው አበረ ተሳፋሪ እንደጫነ መንገድ መሐል ቆሞ አንገቱን ያወጣል። መሳለሙስ ባልከፋ፤ ተሳልሞ ዝም ብሎ የሚሄድ የለም እንጂ። አንዱ ላሜ ታመመችብኝ ይላል፤ አንዷ የልጇን ፈተና ታነሣለች። ቄሱም ሆደ ቡቡ ናቸውና ሁሉንም ቆመው ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ድንች ሻጯ እማማ የኔአለም አሉ። ዕድሜያቸው የቄሱን እናት ያህላል። ግን የንስሐ ልጃቸው ናቸውና ቄሱ «ልጄ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «አባቴ» ብለው ወሬያቸውን ይጀምራሉ።

ቄሱ የሚያስተምሩት የአራተኛ ክፍል የአማርኛ ትምህርት ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ማንንም አይጠብቅም። አንድ ጠዋት ዳይሬክተሯ አመተ ሥላሴ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። መጀመሪያ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

«አባ፣ አሁንስ እኔም አፈርኩ። ከእንግዲህ አንድ ቀን ቢያረፍዱ ክፍሉን ለሌላ መምህር እሰጣለሁ።»

ቄስ ዘማርያም ደነገጡ። ያንን ክፍል ይወዱታል። ባለፈው ዓመት ማንበብ አቅቷቸው ያለቅሱ የነበሩ ልጆች ዘንድሮ ተረት እያነበቡ ይንከተከታሉ። ያንን ሳቅ ለሌላ ሰው ማስረከብ አንጀታቸው አልቻለም።

ለሰዉስ ምን ይበሉት? «በእናንተ ፍቅር ልጆቼን ልነጠቅ ነው» ይባላል? ስለዚህ ለማንም ሳይተነፍሱ አንድ ያገለገለ ሳይክል ገዙ። ባለቤታቸው ደብሪቱ ሳይክሉን ዞራ ዞራ አየችው።

«ቄስ በሳይክል?»

«ቄስ በበቅሎ ሲሄድ አላየሽም?»

«በቅሎማ ሰው ስታይ ትቆማለች፣ አንቱ!»

ይህን ብላ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰንሰለቱ እንዳይበላው በገመድ ሸብ አደረገችላቸው።

ልጅ ሳሉ ደምበጫ በኪራይ ሳይክል የተማሩት ሙያ ከእግራቸው አልጠፋም ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሳቸው ግን ጥምጥማቸውን አጥብቀው ቁልቁለቱን ሲለቁት ሳቅ አመለጣቸው። ከኋላቸው «ይፍቱኝ አባ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። «እግዚአብሔር ይፍታ!» ብለው ለነፋሱ ይሰጡታል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ከፍቶ ሳይጨርስ ደረሱ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ደስ ይለዋል እንዴ አሉ፣ ለራሳቸው።

ደስታው ግን ሳምንት አልዘለቀም። መንገዱ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ባለሱቁ መዝጊያውን ሲከፍት ቀና አይልም። «አባ መስቀል ነፈጉን» የሚል ወሬ ከጉልት ጉልት ዞረ። አንድ ቀን ደግሞ እማማ የኔአለም ሳይክሉን ሲያዩ ጀርባቸውን ሰጡና ድንቻቸውን መደርደር ያዙ። ቄስ ዘማርያም ያን ቀን ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ባዶው የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሆድ ባሳቸው።

ሌሊቱን አውጥተው አውርደው አንድ ብልሃት አገኙ። ሳይቆሙ ማሳለም! መሪውን በግራ፣ መስቀሉን በቀኝ ይዘው እጃቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ቢነዱ የፈለገ ይሳለማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘነጉ። የሳይክሉ የግራ ፍሬን ከተገዛ ጀምሮ ሞቷል፤ የሚሠራው የቀኙ ብቻ ነው። መስቀል ደግሞ በግራ አይያዝም።

ባለሱቁ ላይ ሠራ። አበረም ላይ ሠራ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሳይክሉ የራሱን መንገድ ጀመረ። እማማ የኔአለም የተዘረጋውን መስቀል ሲያዩ ቂማቸው ብን ብሎ ጠፋና ነጠላቸውን አስተካክለው መንገድ መሐል ገቡ።

«ልጄ፣ ዞር በይ!»

ማን ሊሰማቸው። ቀኝ እጃቸው መስቀሉን አይጥል፣ ፍሬኑን አይዝ። መሪውን ጠመዘዙና ከነሳይክላቸው ድንቹ ክምር ውስጥ ገቡ። ድንቹ በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ቄሱ በጀርባቸው ተዘርረው ቀኝ እጃቸው ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እማማ የኔአለም መጡና ከሁሉ አስቀድመው ጎንበስ ብለው ያን መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ ነው «ተረፉ ወይ፣ አባቴ?» ያሉት።

ቄሱ ተነሥተው ድንች መልቀም ጀመሩ። ሰውም እየሳቀ አብሮ ለቀመ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ» አሉ እማማ የኔአለም። «እንዲህ የሚያሮጥዎ ምንድን ነው?»

ቄሱ ድንች እንደያዙ ዕንባቸው መጣ። «ዛሬ ካረፈድሁ ልጆቹን ለሌላ ይሰጡብኛል። በእናንተ የመጣ ነው እንዳይመስላችሁ ፈርቼ ዝም አልሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«ይኼን ሁሉ ቀን ብቻዎን ይዘውት?» አሉ እማማ የኔአለም። «በሉ ተነሡ! አበረ፣ አባን አድርሳቸው፤ ድንቹን እኛ እንለቅማለን።»

አበረ ተሳፋሪውን አስወርዶ ቄሱን ከነሳይክላቸው ጫነ። ደወሉ ሊያበቃ ሲል ደረሱ። አመተ ሥላሴ ጭቃ የለበሰ ቀሚሳቸውን አየች፣ መስቀል ተሳለመች፣ መንገድ ለቀቀችላቸው።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ቄስ ዘማርያም እንደ ወትሮው ከሁለት ዲያቆናትና ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር ኪዳን ሊያደርሱ ገቡ። ጸሎቱ አልቆ ሊያሳርጉ ዘወር ሲሉ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ባለሱቁ አለ፤ አበረ አለ። እማማ የኔአለም ድንቻቸውን በር ላይ አስቀምጠው ከፊት ቆመዋል። ሁሉም በየተራ ተሳለመ፤ ስለ ላምም ስለ ፈተናም አንድም ሰው አላነሣባቸውም።

«አሁን ይብረሩ» አሉ እማማ የኔአለም። «ከእንግዲህ መንገድ ላይ አናስቆምዎትም።»

ቄስ ዘማርያም ሳይክላቸውን ይዘው ደጅ ላይ ቆሙ። መንገዱ ጭር ብሏል። ሰዓት ሞልቶ ተርፏቸዋል። መሄድ አልሆነላቸውም። ሳይክሉን ግንቡ ላይ አስደገፉና ተመለሱ።

«ልጄ» አሏቸው እማማ የኔአለምን፣ «የዚያ ሰው የታመመችበት ላም ነገር እንዴት ሆነ?»